ሺማኖ የሰው ስም ነው

ሰሞኑን እዚሁ ነቀምቴ ብስክሌት የገዛ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ማርሹ ላይ ሺማኖ ይላል፤ ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የሰው ስም ነው አልኩት። እጽፈዋለሁ ብዬው ነበርና ይኸው።

ሾዛቡሮ ሺማኖ በጃፓን፣ ኦሳካ አጠገብ ያለችው የሳካይ ከተማ ልጅ ነው። ሳካይ የብረት ቀጥቃጮች ከተማ ናት። በ1543 (እንደ ፈረንጆቹ) ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው ጃፓን ከደረሱ በኋላ፣ የሳካይ ቀጥቃጮች ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ቢላዋቸውማ እስከ ዛሬ ስመ ጥር ነው። ኋላ ብስክሌት ከውጭ ሲገባ፣ የተሰበረውን ዕቃ አይቶ የሚተካ እጅ ከተማው ውስጥ ነበረ። ሺማኖም በ1921 በአንድ የተዋሰው ቶርኖ ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ የሠራው ፍሪዊል ነው፤ ፔዳል መምታት ስታቆሙ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው፣ ቁልቁለት ላይ ጭርርር የሚለው። ውስጡ ጥርስና ጥርሱን የሚይዙ ትንንሽ ምላሶች አሉት። ብረቱ ከላላ ያልቃል፣ ከደረቀ ይሰበራል። ልኩን ማወቅ የቀጥቃጭ ዕውቀት ነው እንግዲህ።

ወለጋም ብረት አላጣም፤ ጊምቢ አጠገብ ያለውን የቢቂላልን ማዕድን አስቡ። ባለእጅም አላጣም። ቱምቱዎቻችን አፈሩን አቅልጠው ማረሻና መጥረቢያ ያወጡ ነበር። ግን እህላቸውን ብንበላበትም እነሱን ናቅን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ ክልክል ነው ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ እኛ ሰፈር መቼ እንደሚደርስ እንጃ!

ልጅ ሳለሁ የብስክሌቴ ፍሪዊል ምላሱ ተሰበረ። መለዋወጫው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም ተባለ። አባቴ ገበያ ወዳለ ቱምቱ ወሰደኝ። ሰውየው ስባሪውን አገላብጦ አየና፣ ከአሮጌ መጋዝ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አግሎ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሠራልኝ። ሁለት ዓመት ነዳሁበት።

ሒሳቡን ሊቀበል ቤታችን ሲመጣ ቡና ተፈልቶ ነበር። ደጅ እንደቆመ ተሰጠው፤ የጠጣበት ሲኒም ለብቻው ተቀመጠ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።