የእሑድ ጧት ችሎት

ለአንድ ኃላፊ ሹመቱን የሚሰጠው የበላይ አካል ነው፤ አመኔታን የሚሰጡት ግን በሥሩ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ሹመት በአንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ አመኔታ ግን በየዕለቱ ከሚታይ አድራጎት ይገኛል። ለዚህም በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ የፓናማ ቦይ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው።

ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ይህን ቦይ መጀመሪያ ለመቆፈር የሞከሩት ፈረንሳዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1881 የጀመሩት ሥራ በበሽታና በገንዘብ እጦት ምክንያት በ1889 ቆመ። ዩናይትድ ስቴትስ በ1904 ሥራውን ከተረከበች በኋላም የመጀመሪያው ዋና መሐንዲስ ጆን ዋላስ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ቆይቶ ለቀቀ። ቢጫ ወባ ሠራተኛውን ስላሸበረው ብዙዎች ወደ አገራቸው ሸሹ።

በ1905 የተተካው የምድር ባቡር መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ ቁፋሮውን ያፋጥናል ተብሎ ሲጠበቅ ቁፋሮውን አቆመ። አስቀድሞ መኖሪያ ቤት እንዲሠራ፣ ንጹሕ ውሃና ምግብ እንዲቀርብ፣ የባቡር ሐዲዱም እንዲታደስ አደረገ። ሐኪሙ ዊልያም ጎርጋስ በትንኞች ላይ ላካሄደው ዘመቻም የተጠየቀውን ሰውና ገንዘብ ሰጠ። ዓመቱ ሳያልቅ ቢጫ ወባ ከፓናማ ከተማ ጠፋ። ሠራተኛውም ከሥራው ይልቅ ሕይወቱ መቅደሙን በዓይኑ ስላየ ስቲቨንስን ወደደው።

ስቲቨንስ በ1907 በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የጦር መሐንዲሱን ጆርጅ ጎታልስን ሾመ። ሠራተኛው የወታደር ደንብ ሊመጣበት መሆኑን በማሰብ ሠጋ፤ በአቀባበሉም ላይ የስቲቨንስ ስም ሲነሣ ጭብጨባው ሲደምቅ ለአዲሱ ኃላፊ ግን ቀዘቀዘ። ጎታልስ የቀድሞውን ኃላፊ ሥራ አላጣጣለም፤ ስቲቨንስ የዘረጋውንም የባቡር አሠራር ይዞ ቀጠለ። ወታደራዊ ሰላምታ እንደማይሻ አስታወቀ፤ ለሥራም የወታደር ልብስ አልለበሰም።

ከሁሉ የበለጠው ግን የእሑድ ጧቱ ችሎት ነበር። በኩሌብራ በሚገኘው ጽሕፈት ቤቱ፣ ዘርና ማዕረግ ሳይለይ፣ አቤቱታ ያለው ሁሉ በመጣበት ተራ ይገባ ነበር። ስለ ፎርማን በደል፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ ጭምር ይሰማል፤ የሚቻለውን እዚያው ይወስናል፤ የቀረውን ያስመረምራል። ይህ ሁሉ ግን ልፍስፍስነት አልነበረም። አንድ የባቡር ነጂ ሰው በመግደል ጥፋት በታሰረ ጊዜ ባልደረቦቹ ካልተፈታ ሥራ እናቆማለን ሲሉ፣ ሰውየው በእስር እንደሚቆይና ከሥራ የቀረ ሁሉ እንደሚሰናበት መለሰላቸው። በማግሥቱ ሁሉም ሥራቸው ላይ ተገኙ። የሚሰማቸው ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ እንቢታውንም ሊቀበሉት ቻሉ ማለት ይቻላል።

ሆኖም የዚህ አክብሮት ወሰን ሊታለፍ አይገባም። ሠራተኛው በሁለት መዝገብ ተከፍሎ ነበር። በወርቅ መዝገብ የሰፈሩት በአብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ በብር መዝገብ የሰፈሩት አብዛኞቹ ከባርቤዶስ፣ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ደመወዙ፣ ቤቱ፣ መመገቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የተለያየ ነበር። ቦዩ ነሐሴ 1914 እስኪከፈት ድረስ በአሜሪካውያኑ ዘመን በበሽታና በአደጋ ከሞቱት 5,609 ሰዎች ውስጥ 4,500 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። የብር መዝገብ ሠራተኛ በእሑድ ችሎት ፎርማኑን ሊከስ ይችል ነበር፤ መዝገቡን ግን የሚከስበት ችሎት አልነበረውም።

እንግዲህ ከፓናማ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አዲስ ኃላፊ የቀደመውን ሥራ ቢያከብር፣ የሠራተኛውን ጤናና ኑሮ ቢያስቀድም፣ ቢሰማና በቆራጥነት ቢወስን አመኔታን ያገኛል። ይሁን እንጂ በር መክፈት የአክብሮት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ፍጻሜው የሚታወቀው በደመወዝ መዝገቡ፣ በመኖሪያ ቤቱና በአደጋው ዝርዝር ላይ ነው፤ በዚያም የማን ስም እንደሚበዛ መመልከት የኃላፊው ድርሻ ነው።