ስሜን ተራሮች በካሜራው ዓይን

ቢቢሲ በ11 ክፍሎች ያዘጋጀው «ፕላኔት ኧርዝ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ «ተራሮች» በተባለው ክፍሉ ከሰሜን ጎንደር ደጋ የተገኘ ትዕይንት ነበረው። ጭላዳዎች ከአደሩበት ገደል ወጥተው፣ በሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ አጠገባቸውም ዋልያ ሲግጥ ታየ። በዚህ ፊልም አማካይነት ስሜንን በእግሩ ያልረገጠ እጅግ ብዙ ሕዝብ ስሜንን አየ።

ካሜራው ያሳየው እውነት ነው። ጭላዳ ከዝንጀሮዎች ሁሉ ተለይቶ ኑሮው በሣር ላይ የተመሠረተ እንስሳ ነው፤ በመቶዎች ተሰብስቦ ይሰማራል፤ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክትም ይታወቃል። ይህም ዕውቀት በአንድ የፊልም ወቅት የተገኘ አይደለም። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በሳንቃ በር፣ በማሳኦ ካዋይ የተመሩ ጃፓናውያን ደግሞ በግጭ ድንኳን ተክለው የመንጋውን ኑሮ ከቀን ወደ ቀን መዝግበዋል። ፊልሙ የቆመው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ላይ ነው።

ይሁንና የዕውቀቱ ምንጭ ከዚያም ይርቃል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስሜንና ወደ ጎንደር የመጣው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል፣ ጭላዳንና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ስያሜውን ግን ያገኘው ከአገሬው አንደበት ነው። «ጌላዳ» እና «ዋሊ» ብሎ የጻፈው የደጋው ሕዝብ ሲጠራቸው የሰማውን ነበር፤ በቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም ውስጥም «ስሜን» የሚለው ስም ዛሬም አለ። ለሩፔል አዲስ የነበረው እንስሳ ለባላገሩ የዘመናት ጎረቤቱ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ የማይታየው እንግዲህ ይኸው ጎረቤት ነው። ተራራው ሰው ያልደረሰበት ምድረ በዳ መስሎ ይቀርባል። እውነቱ ግን በጓሳውና በጅብራው አጠገብ ገብስ ይዘራል፤ እረኛው ወንጭፉን ይዞ አዝመራውን ከጭላዳ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። ክብሩ ግን ዋጋ ነበረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በፓርኩ ክልል ይኖሩ ከነበሩት ገበሬዎች ከፊሎቹ ያለ ፈቃዳቸው ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በ2016ም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በ1980ዎቹ ጦርነት ሳቢያ የፓርኩ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው እስከመውጣት ደርሰዋል። ቅርሱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከ2020 ወዲህ የተከሠተው ጦርነትም ጥበቃውን ጎድቶታል፤ የዋልያውም ቁጥር እጅግ ቀንሷል።

ስለዚህ ስሜን ገና ያልተሠራ አንድ ፊልም ይቀረዋል ማለት ይቻላል። ያም ፊልም የእንስሳቱን ውበት ሳያሳንስ፣ ገብሱን የሚጠብቀውን ሕፃን፣ ቁር ውስጥ የሚያድረውን የፓርክ ጠባቂ፣ ከቀዬው የተነሣውን ገበሬ በአንድ ሥዕል ውስጥ የሚያገናኝ ነው። ትረካውም ስሞቹ በተወለዱበት ቋንቋ ቢሆን፣ የደባርቅና የጎንደር ተማሪ ተራራውን እንደ ባዕድ ትርኢት ሳይሆን እንደ ቤቱ ያየዋል። መምህሩ ከክፍሉ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም ከብዕሩና ከካሜራው ይህን ሥራ ሊጀምር ይችላል። ዋልያን የሚያድነው የሩቅ ተመልካች አድናቆት ብቻ አይደለምና፤ ከእርሱ ጋር የሚኖረው ሰው በታሪኩ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ጥበቃውም ባለቤት ያገኛል።