ከሰል ከእንጨት ይሻላልን? በገዋኔ የቤት ማገዶ አለካክ ላይ የቀረበ ሙግት

በቀዝቃዛ አገሮች የመኖሪያ ቤት ማሞቂያ ፍላጎት የሚገመተው የየቀኑ አማካይ ሙቀት ከአንድ መነሻ፣ ብዙ ጊዜ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ምን ያህል እንደሚያንስ በመደመር ነው። ይህ ስልት ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ውጤቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በአፋር ክልል የገዋኔ ሰው የሚሸሸው ብርድን ሳይሆን ሙቀትን ነው። በዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ምግብ፣ ሻይና ቡና በሚፈላበት እሳት አለካክ ላይ ነው።

የቤት ማገዶ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ የተመሩት ቤተሰብ ገቢው ሲያድግ ከእንጨት ወደ ከሰል፣ ከዚያም ወደ ዘመናዊ ማገዶ ይወጣል በሚለው «የኃይል መሰላል» መላምት ነው። ተመራማሪዎቹ ሆሲየርና ዳውድ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በዚምባብዌ መረጃ ፈተኑት፤ ማሴራ፣ ሳትካምፕና ካመን ደግሞ በ2000 ቤተሰቦች አንዱን ማገዶ ጥለው ወደ ሌላው እንደማይዘሉ፣ ይልቁንም ደራርበው እንደሚጠቀሙ አሳዩ። ትችታቸው ትክክል ቢሆንም ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። በተለመደው አቀራረብ ከሰል ከእንጨት በላይ ያለ እርከን ነው፤ እርከኑ ግን የቆመው በምድጃው ደጃፍ በተወሰደ ልኬት ላይ ነው።

የተዘነጋው ምስክር የከሰል ክምሩ ነው። እንጨቱ ይደረደራል፣ በቅጠልና በአፈር ይለበጣል፣ ከዚያ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። በዚህ ዓይነቱ ባህላዊ ክምር ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። 15 በመቶ እንውሰድ። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 16 ሜጋጁል ገደማ ኃይል አለው። በሦስት ጉልቻ ቢነድና 12 በመቶው ብቻ ድስቱ ቢደርስ 1.9 ሜጋጁል ይሆናል። ያው እንጨት ከሰል ቢሆን 150 ግራም፣ ማለትም 4.4 ሜጋጁል ያህል ይወጣዋል፤ በቆርቆሮ ምድጃ 22 በመቶው ቢደርስ ድስቱ የሚያገኘው አንድ ሜጋጁል እንኳ አይሞላም። የተሻሻለው ላቀች የከሰል ምድጃ የከሰሉን ሩብ ቢቆጥብም እንጨቱን አይደርስበትም። እርግጥ ነው፣ ቁጥሮቹ እንደ እርጥበቱና እንደ አክሳዩ እጅ ይለዋወጣሉ።

መለኪያው ራሱም አሳሳች ነው። በአዋሽ–ሚሌ መንገድ ዳር ለሾፌሮች የሚደረደረው ጆንያ አናቱ ከአፉ በላይ ተቆልሎ በገመድ ይታሰራል፤ ታቹ ብናኝ ነው። «በወር ስንት ጆንያ?» ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ኃይልን ሳይሆን የሻጩን ብልሃት ይቆጥራል። ሚዛን ይዞ ጠዋትና ማታ መመዘን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከክምሩ ካልጀመረ ግማሽ ሥራ ነው።

«የሚከስለው ወያኔ ዛፍ (ፕሮሶፒስ) ነው፤ ወራሪ ነውና ቢባክን ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅትም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገዋኔና በአሚባራ የከሰል ማኅበራትን የደገፈው ዛፉን በመጠቀም ለመግታት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉቶው ካልተነቀለ ዛፉ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ በከሰል ስም ነባሩ ግራርም ይቆረጣል። ብዛት ለብክነት ምክንያት አይሆንም።

የቤተሰብ ጥናቶቻችን ዋናው ማገዶ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚህ በኋላ ከሰል የሚል መልስ ሲገኝ ከየትኛው ዛፍ፣ በምን ዓይነት ክምር እንደተከሰለ የሚጠይቅ መስመር ይጨመርበት።