«ማን ፈተለው?» የእጅ ፈትል ታሪክና የእኛ ዕዳ

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከታሪክ ያላችሁን ጻፉልን» ብሎ ሲጠይቀን በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ አድዋ ወይም ስለ ላሊበላ ለመጻፍ ነበር። ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ብቻ እየመሰለን አድገናልና። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በታክሲያችን ውስጥ የደረሰብን አንድ ነገር አሳባችንን አስለወጠን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ስለ እንዝርትና ስለ ፈትል፣ ስለ ሹራብም ጭምር ልናወጋችሁ ነው። «ዓ.ም.» ብለን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበረዶው ወራት ከዋሽንግተን ጎዳናዎች በአንዱ ላይ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ተሳፈሩ። የሚሄዱት ወደ ጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ነበር። ይህ ሙዚየም በ1925 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ2015 ጀምሮ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው የጀመሩትን ሹራብ አውጥተው መሥራት ጀመሩ። ጥቂት እንደሄድን በጎናችን ያለው ወንበር ላይ የተጣጠፈውን ጋቢ አዩና ጫፉን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት። «ማን ሠራው?» ወይም «ስንት ገዛኸው?» አላሉም። «ማን ፈተለው?» አሉ።

እኛም «አላውቅም» አልን።

ሐሰት ነበር። ያንን ጋቢ የፈተለችው እናታችን ናት። የሸመነውም አባታችን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በሰው አገር ኖረን፣ ማንም በማያውቀን ከተማ፣ ለማናውቃቸው ሴትዮ ይህን ለምን ደበቅን? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል።

ከአክሱም እስከ አድዋ ገበያ

ጥጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ዒዛና ወደ ኖባ አገር ስላደረገው ዘመቻ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የጠላቶቹን የእህልና የጥጥ ክምችት ይጠቅሳል። ንጉሥ በድንጋይ ላይ የሚያስጽፈው ዋጋ ያለውን ነገር ነውና፣ ጥጥ በዚያን ዘመን ከእህል ጎን የሚቆጠር ሀብት እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ አገራችን ሲገባ በአድዋ በኩል አልፎ ነበር። አድዋ ላይ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በብዛት እንደሚሠራና ጨርቁም በአገሩ ሁሉ እንደ ብር ገንዘብ እየተመነዘረ እንደሚዘዋወር ጽፏል። እንግዲህ እናስተውል! ዛሬ አድዋ ስንል ጦርነቱን ብቻ እናስባለን። ከጦርነቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን አድዋ የሸማኔ ከተማ ነበረች። ያ «ገንዘብ» ደግሞ በማተሚያ ቤት የታተመ አልነበረም። በመጀመሪያ በሴቶች ጣት የተፈተለ፣ ቀጥሎም በወንዶች እጅና እግር የተሸመነ ነበር።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለልጆቻችን ብንነግራቸው መልካም ነው። ጥጥ ከማሳ ሲለቀም ፍሬው አብሮት አለ። ስለዚህ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየተርገበገበ ጥጡን ሲያፍታታው ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይወጣዋል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እንዝርቷን በጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ጥጡ እየተሳበ እየከረረ ክር ይሆናል። እንዝርቱ ሲሞላ ክሩ ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆንና ወደ ሸማኔው ይሄዳል። እንዝርት ማለት ክብ ክብደት የተሰካባት አንዲት ቀጭን እንጨት ናት። ከዚያ ሌላ መሣሪያ የለም። ቀሪው ሁሉ የጣት እውቀት ነው። ክሩ ከሳሳ ይበጠሳል፣ ከወፈረ ጋቢው ይጎረብጣል። እናታችን ዓይኗን ከጎረቤት ወሬ ሳታነሳ ትፈትል ነበር፤ ጣቷ ግን አንድም ቀን ወሬ አልሰማም!

ክብርና ስድብ በአንድ ጨርቅ

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአገራችን ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ፈትል ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የባለጸጋ ሚስትም ብትሆን እንዝርት ይዛ ብትታይ «ባለሙያ» ተብላ ትመሰገናለች። ያንኑ ክር ተቀብሎ ጨርቅ የሚያደርገው ሸማኔ ግን ይናቃል። የለበስነውን ያለበሰንን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያልን ሰድበናል። ክሩ አንድ፣ ጨርቁ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከሴቲቱ እጅ ወደ ሰውየው እጅ ሲተላለፍ ክብሩ የት ጠፋ?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚጎዳ ስለተረዱ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም የሚመለከት ነበር። አዋጁ ከወጣ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

በምኒልክ ዘመን ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው፣ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መምጣት ጀመሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው ሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ሰፈሩባት። አባታችንም ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያው መንገድ የመጣ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ያሳደገን ነው። ልጅ ሳለን በሰፈር የተሰደብነውን ስድብ እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምናልባት አንዳንዶቻችን ሰድበንበትም ይሆናል።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ ታሪክ አጠናን። ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ አቀበቱን በእግር የወጣ ሰው ቅርበቱን ያውቀዋል። እኛ ግን በዩኒቨርሲቲ በቆየንባቸው ዓመታት አንድም ጓደኛ ወደ ቤት ወስደን አናውቅም። አባታችን ምን እንደሚሠራ ስንጠየቅ «ነጋዴ ነው» እንል ነበር። ማንም አላስገደደንም። ጥፋቱ የራሳችን ነው። በ1993 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በተነሣው የተማሪዎች ተቃውሞ ጊዜ ትምህርታችንን አቋርጠን፣ እንደ ብዙ ጓደኞቻችን ወደ ኬንያ ተሻገርን። ስንወጣ እናታችን ያንን ጋቢ አስያዘችን። ሌሊቱን በድንበር ላይ ያሳለፍነው እርሱን ተከናንበን ነው። ሰውነታችን ሞቀው እንጂ ኩራታችን አልሞቀውም ነበር።

አሜሪካ ቀድማ መጥታልናለች

ስለ ስደት ስናወራ እኛ ወደ አሜሪካ እንደመጣን ብቻ እናወራለን። የአሜሪካ ጨርቅ ግን ከእኛ አስቀድሞ ወደ አገራችን መጥቷል። አያቶቻችን አቡጀዲ የሚሉት ጨርቅ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ላይ በብዛት ይገባ የነበረው ከአሜሪካ ነበር። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በታኅሣሥ 1903 አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበር። በኋላ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ገብቶ የአሜሪካኑን ከገበያ አስወጣው።

ቀጥሎ የፋብሪካ ክር መጣ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1961 ሥራ ጀመረ። ሸማኔው ብልህ ነውና ለድሩ የፋብሪካውን ክር ወሰደ፤ ጠንካራና እኩል ስለሆነ ሲወጠር አይበጠስም። ለማጉ ግን የእጅ ፈትሉን አልተወም። ጋቢን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀው ማጉ ነውና። እንግዲህ ዛሬም እውነተኛ ጋቢ ስትለብሱ ድሩ የፋብሪካ ቢሆን እንኳ ማጉ የአንዲት እናት የብዙ ቀን ድካም ነው። በአራት ድርብ የሚሠራ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚበላ ፈታይዋን መጠየቅ ነው!

የጥጡን አወራን እንጂ ሱፍም አለን። በመንዝ ብርድ የበግ ጠጉር ፈትለው ባናና በርኖስ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ሙያ ከጥንት ይዘውት ኖረዋል። ሹራብ ግን ከፈትል ጋር ቢዛመድም ሌላ ነው። በሽመና ድርና ማግ ይጠላለፋሉ፤ በሹራብ ግን አንዱ ክር ራሱን በራሱ እየቆለፈ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዓይን ካመለጠ ሥራው ይተረተራል። እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታዊ ሹራቦች መካከል በግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙባቸዋል።

«ወንድ ልጅ ሹራብ ይሠራል እንዴ?» ለሚሉን አንድ መልስ አለን። በአውሮፓ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የሹራብ ሠሪዎች የሙያ ማኅበር አባላት ወንዶች ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለወታደሮች ካልሲና ሹራብ እንዲሠራ ሕዝቡን ሲጠይቅ ሴቱም ወንዱም፣ የትምህርት ቤት ልጆችም ሠርተዋል። ከዚያም በፊት፣ ከነፃነት ጦርነት ቀደም ብሎ በ1760ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ሴቶች የእንግሊዝን ጨርቅ አንገዛም ብለው በየቤቱ ተሰብስበው ይፈትሉ ነበር። በዚህ አገር የእጅ ፈትል የነፃነት ምልክት ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ሥራ የውርደት ምልክት አድርገን ከቤታችን ተሸክመን መጣን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ወደ ተሳፋሪዋ እንመለስ። ሙዚየሙ በር ላይ ሲወርዱ «ካወቅህ ንገረኝ፤ እኛ በክበባችን በእንዝርት መፍተል ለመማር ገንዘብ እንከፍላለን» አሉን። በመስተዋቱ እያየናቸው ሳለን ተራችን ደርሶ ሄድን። እንደገና አላየናቸውም።

የዚያን ሳምንት ነገሩን በማኅበራችን አዳራሽ ለእናቶች ተረክን፤ የዋሸነውንም አልደበቅንም። አንዲት እናት ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ቤታቸው ሄደው ከሻንጣ ሥር የቆየች እንዝርት አመጡ። «እዚህ አገር ማን ያየኛል ብዬ አስቀምጫት ነበር» አሉ። ለካስ እርሳቸውም እንደኛው ኖረዋል! በማግስቱ ሳምንት ሦስት ሆኑ፤ ከዚያም እየበዙ ሄዱ። ጥጥ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፤ ሲያልቅ እዚሁ የሚሸጠውን የተበጠረ ጥጥና ሱፍ እንገዛለን። እዚህ የተወለዱት ልጃገረዶች ለእናቶቻቸው የሹራብ አሠራር ያሳያሉ፤ እናቶች ደግሞ ለልጆቹ እንዝርት ያስይዛሉ። ባለፈው ክረምት አንዲት አያት ራሳቸው በፈተሉት ክር ለአራስ የልጅ ልጃቸው ቆብ ሠሩ። የሕፃኑ እናት «ይህን ከየት ገዛሽው?» ብላ የሚጠይቃት ሰው አይታጣም፤ መልሷን ስትሰጥ ግን እንደ እኛ አትዋሽም።

እኛም እየተማርን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ እንዝርት እናሽከረክራለን። ሌሎቹ ሹፌሮች መጀመሪያ ሳቁብን፤ ቆይተው ግን አንዱ «አያቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» አለ፣ ሌላውም ቀጠለ። ክራችን አሁንም አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይሳሳል። እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ ከሣጥኗ ሦስት ልቃቂት ተገኝቶ እኅታችን ላከችልን። ለጋቢ አይበቃም። የጎደለውን ራሳችን ፈትለን ስንጨርስ ሽሮ ሜዳ ወስደን እናሸምነዋለን። የእርሷ ማግ የቱ እንደሆነ፣ የእኛ የቱ እንደሆነ ጋቢው ላይ በግልጽ ይታያል። ይታይ!

ማሳሰቢያ ለአባላት

ስለዚህ በአሥረኛው ዓመት በዓላችን ላይ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ እንዝርት፣ ልቃቂት ወይም አሮጌ ጋቢ በሻንጣ ያላችሁ አውጡና በበዓሉ ቀን በሚዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። የፈተለውንና የሸመነውን ሰው ስም በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙበት። ሁለተኛ፣ መፍተል የሚያውቁ እናቶቻችን ሳያልፉ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ላኩልን። ሦስተኛውና ዋናው፣ በመካከላችን የሸማኔ ልጅ፣ የብረት ሠሪ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ አለ። ለጋብቻ ይሁን ለወዳጅነት «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ዛሬም አልቀረም። በነጭ ልብስ አጊጠን በዓል ስናከብር ያንን ልብስ የሠራውን ሰው ልጅ የምናሳፍር ከሆነ በዓላችን ከንቱ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድሩ እንዲያብር ግን በመጀመሪያ የሚፈትለው መከበር አለበት። አሮጊቷ ተሳፋሪ አንድ ቀን እንደገና ታክሲያችን ውስጥ ቢገቡና ያንኑ ቢጠይቁን መልሱ ተዘጋጅቷል፤ የፈተለችው እናታችን፣ የሸመነው አባታችን።

መልካም በዓል ይሁንልን።