ኦርጅናል

በጋራዥና በመለዋወጫ ገበያ «ኦርጅናል» የሚባለው ከአምራቹ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሲሆን፣ ተቃራኒው ተመሳስሎ የተሠራው «ፎርጅድ» ነው፤ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ግን ቃሉ ከዕቃው ወደ ባለቤቱ ተሻግሮ፣ ሰውን ከሰው የሚያበላልጥ ማዕረግ ሆኗል።

ይህ በቮልስ፣ ማለትም የጀርመኑ ቮልስዋገን በሠራት ጎባጣ ትንሽ መኪና፣ ጎልቶ ይታያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ስለነበረ፣ ይህች መኪና በኢትዮጵያ ከመጓጓዣነት አልፋ የታሪክ ትዝታ ናት። የኋላ መስኮቷ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በመሐል የተከፈለ፣ ከዚያም እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ሞላላ ስለነበረ፣ አዋቂው ዕድሜዋን ከመስኮቷ ያነባል፤ ይህ የሚደነቅ ዕውቀት ነው። በብራዚል ወይም በሜክሲኮ የተሠራችውን በጀርመን ከተሠራችው አሳንሶ ማየት ግን ከዕውቀት አይቆጠርም።

የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠና በውኃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ከተበጠሰ ቶሎ ይግላል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዝ ሐሙሲት ላይ ይህ የሚደርስበት ሰው ልኩ የመጣለትን ቺንጊያ ይገጥማል እንጂ የፋብሪካ ምልክት አይፈልግም። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ ስለቆመ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለችው ሁሉ የቆየችው በጥገና ነው። እንዲህ የኖረችን መኪና «ኦርጅናል አይደለችም» ብሎ መናቅ ያቆያትን መካኒክ መናቅ በመሆኑ፣ ቃሉን ለዚህ መጠቀም ስሕተት ነው።