ወይኑ ለመቅደስ፣ ማሩ ለማዕድ

«ወይና ደጋ» የሚለው ስም የአየር ንብረት መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ተክልም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ከምድሯ ከፊሉን በወይን ስም በምትጠራው ኢትዮጵያ የወይን ጠጅ የቤተ መንግሥቱም ሆነ የሕዝቡ ዋነኛ መጠጥ አልሆነም። ወይኑ ወደ መቅደስ ገባ፤ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ለቅዳሴ ዋለ። በማዕድ ላይ የነገሠው የማር ጠጅ ነው።

ይህ የሆነው የወይን ጠጅ ባለመታወቁ አልነበረም። በአንደኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል መጠኑ ያልበዛ የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይን ጠጅ ይቆጥራል። ግሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ስትራቦን ደግሞ በቀይ ባሕር አካባቢ ከሚኖሩት ሕዝቦች መካከል ብዙኃኑ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተዘጋጀ መጠጥ ሲጠጡ፣ ገዢዎቹ ማርና ውኃ ቀላቅለው ይጠጡ እንደነበር ጽፏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ስለቀረበለት የማር ጠጅ ደጋግሞ ያወሳል። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም የግብር አዳራሹ ክብር ጠጅ ነበር።

የጠጅ ጠባይ ከሁለት ምድር ይገኛል። ጌሾ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ሲሆን፣ ማር ግን ከቆላም ይቆረጣል። ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሳንጃ እነዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ብርዙ መፍላት ሲጀምር ጌሾው ይገባል። በታች አርማጭሆ ቆላ ሙቀቱ ፍላቱን ስለሚያፈጥነው፣ ጠጅ ጣይዋ ጋኑን የምታኖርበትን ጥላና ጌሾውን የምታወጣበትን ቀን በልምድ መወሰን ይኖርባታል። ጥቂት ብትዘገይ ጠጁ ይኮመጥጣል። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚባሉት ደረጃዎች የዚህ ልምድ ውጤቶች ናቸው።

ይህ ልምድ ዛሬ የሚፈተነው በስኳር ነው። በማር ፈንታ ስኳር ተበርዞ ቢጫ ቀለም ሲጨመርበት፣ በብርሌ የተቀዳው መጠጥ ለዓይን ያው ጠጅ ይመስላል። የጥግግት መለኪያም ቢሆን በብርዙ ውስጥ ምን ያህል ጣፋጭ ነገር እንደሟሟ ይናገራል እንጂ ከንብ ይምጣ ከሸንኮራ አገዳ አይለይም።

በዚህ ረገድ የኢጣልያ ታሪክ ትምህርት አለው። በፒዬሞንቴ ኔቢዮሎ ከተባለው ወይን ብቻ የሚጠመቀው ቀይ ባሮሎ በ1966 እ.ኤ.አ. ስሙ በሕግ ተከለለለት፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ወጣ። ወይኑ የሚለቀምባቸው 11 ወረዳዎች ተለይተዋል፤ ከ38 ወር በፊት ለገበያ አይቀርብም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በእንጨት በርሜል ይቆያል። ሆኖም በዚያው አገር በ1986 እ.ኤ.አ. ሜታኖል የተቀላቀለበት ርካሽ ወይን ጠጅ ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጉዳቱ በአታላዮቹ ብቻ አልተወሰነም፤ በቅንነት የሚጠምቁት ሁሉ ገበያቸው ተናጋ። የቁጥጥሩም ሕግ ከዚያ በኋላ ጠበቀ።

በስኳር የተጣለ ጠጅ እንደ ሜታኖል አይገድልም፤ ጉዳቱ ግን አለ። ማሩን በዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ የሚያመርተው የቆላ ገበሬ ገበያውን ያጣል፤ ማርን ከማር የምትለየው ጠጅ ጣይም የሙያዋ ዋጋ ይቀርባታል። ስለሆነም የጠጅን ስም ለመጠበቅ የሚወጣ ማናቸውም ደንብ ሥራውን ከብርሌው ሳይሆን ከቀፎው ቢጀምር ይበጃል። ጠጁ ከተጠለለ በኋላ ማሩን መፈለግ ያስቸግራል።