አሰቦት ከየት መጣ?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ፣ የሰመራውን መንገድ በግራ ትቶ ወደ ሚኤሶ የሚያመራ ሰው የአሰቦትን ተራራ ያገኛል። አናቱ ላይ አቡነ ሳሙኤል የመሠረቱት ደብረ ወገግ ገዳም አለ። ስለ አሰቦት ስም ሲጠየቅ መንገደኛው ሁሉ «ከአሰበ ተፈሪ የመጣ ነው» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የአሰበ ተፈሪ ከተማ ስሟን ያገኘችው ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር ወደ ሸዋ የሚጓዘው ግን የቆላውን መንገድ ቀድሞውኑ የአሰቦት መንገድ ይለው ነበር። ልጅ አባቱን አይወልድም! «መነኩሴው አስቦበት ወጣ» የሚለውንማ ለልጆች ማጫወቻ ትቼዋለሁ።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። አቡነ ሳሙኤል የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የመንፈስ ልጅ ናቸው። ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለው ገዳም በዚያ ዘመን ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ስሙን የለወጡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1445 እ.ኤ.አ. ገደማ ናቸው። መነኮሳት የእናት ገዳማቸውን ስም ይዘው መሄዳቸው በሌላም አገር ይታያል፤ የፈረንሳዩ ክሌርቮ ገዳም ሲታውያን መነኮሳት በ1135 እ.ኤ.አ. ሚላን አጠገብ ያቀኑት ገዳም ኪያራቫሌ ተባለ፣ ያው ክሌርቮ በጣሊያንኛ አፍ።

ተመራማሪው ስታኒስላቭ ኩር በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአቡነ ሳሙኤል ገድል ጻድቁን የሚጠራው በወገግ ነው። ይህ አሰቦት ከደብረ አስቦ መጣ የሚለውን ሐሳቤን አያፈርስብኝም። አዋሽ ጣቢያ ያረጁ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የደብረ ወገግ ሥላሴ ተሳላሚ ስንቁን በአገልግል፣ ውሃውን በቅል ይዞ ሲሳፈር እያስታወሱ «እኛ አሰቦት ብለን እንጣራ ነበር፣ መነኮሳቱ ግን ወገግ ነው ይሉን ነበር» አሉኝ። ወገግ የደብሩ፣ አሰቦት የአገሩ ስም ነው ማለት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን በመጣበት አገር አይጠራም፤ ጎረቤት ነው የሚጠራው። ከአስቦ የመጡትን የቆላው ሰው በአስቦ ጠራቸው፤ ተራራውም በእነሱ ተጠራ። ሊባኖስ አስቦን ከተካው በኋላ እንዲህ ያለ ስም ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ከ1445 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ነው እላለሁ። የምታከራክረው በተለይ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት።

ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ወዲህ ስለ ገዳሙ የተጻፈው እየሳሳ ይሄዳል። ስሙን በእነዚያ ዘመናት ያቆየው ባላገሩና ሲራራ ነጋዴው ነው። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በዚህ ሲያልፍ የአሰቦት ጣቢያን ስም ያገኘው ከእነሱ አፍ ነው።